ሳይክሏ በግ ሆና የተመለሰች ዕለት

ኮምቦልቻ ሜዳ ናት፤ ለሳይክል የተመቸች። የፋብሪካ ሽፍት ሲለወጥ ከቦርከና ድልድይ ወዲህና ወዲያ የሚጎርፈውን ሳይክል ያየ፣ ሰዉ ሁሉ ከነጎማው የተወለደ ይመስለዋል። ከዚያ ሁሉ መሃል ግን ስም የወጣላት አንዲት ብቻ ነበረች፤ የመሕሙድ ይመር ሳይክል። ቦራ ትባላለች። መሕሙድ ከደሴ ዙሪያ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን በቅሏቸውን ቦራ ሲሏት እየሰማ አደገ። ሳይክሏን ሲገዛት የፊት ጎማዋ ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያዋ ላይ፣ ነጭ ቀለም ተቀብታ ስላገኛት፣ ሌላ ስም አልፈለገላትም።

መሕሙድ ሃምሳን ተሻግሯል። ዕድሜውን በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል፣ በማሽን ጩኸት ውስጥ ስለጨረሰው፣ ሰው ሲያናግረው ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ይገምታል፣ ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይመልሳል። በዚያ ላይ ከፊቱ ዝንብ እሽ የማይል ሰው ነው። ባጃጅ ውስጥ እግሩን የረገጠውን ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችረው ሚስቱ ራቢያ ደግሞ የሱ ተቃራኒ ናት። «አንተ እኮ» ትለዋለች፣ «ሌባ ቤታችን ቢገባ ይሉኝታ ይዞህ፣ ይከብድሃል ብለህ ሻንጣውን አብረኸው ትሸከማለህ።» መሕሙድ ነገሩን አስቦበት፣ «እንደ ሻንጣው ነው» ብሎ ይመልሳል።

ነገሩ የሆነው በጥር፣ ሠርግ በሚበዛበት ሰሞን ነው። መሕሙድ ከሽፍት ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ ልማዱ አንድ ፉል ቤት ጎራ አለ። ቦራን ከመብራት ምሰሶ ጋር አስደግፎ ገባ፤ ፉሉ መጣለት፤ አንዴ ጎረሰ። ሁለተኛውን ጉርሻ አፉ ሳያደርስ ከውጭ፣ ብረት ብረትን ሲያኝክ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ሽንኩርት አራግፎ ወደ ኋላ ይመለስ የነበረ አይሱዙ ቦራን ከምሰሶው ጋር አጣብቆ፣ ቀጥሎም ወደ ፊት ሲሸሽ ጎትቶ ጥሎ ወጥቶባታል። ምሰሶው ምንም አልሆነም።

ሾፌሩ ዘሎ ወረደ። ደምለው የሚባል፣ ጸጉሩ በቅባት የሚያብረቀርቅ ጎረምሳ ነው። «ሰው አለ? ከሥር ሰው አለ?» እያለ ጎማው ሥር ያጎነብሳል።

«ሰው የለም» አለው ሕዝቡ።

«ተመስገን!» አለ ደምለው።

መሕሙድም ከፉል ቤቱ እየወጣ፣ «አልሐምዱሊላህ! ዋናው የሰው ሕይወት ነው» ብሎ አብሮ አመሰገነ። የተጨፈለቀችው የማን ሳይክል እንደሆነች ያየው ከዚያ በኋላ ነው። የፊት ጎማዋ እንደ ተነባበረ እንጀራ ታጥፏል፤ መሪዋ ወደ ሰማይ ዞሯል። ነጩ ፓራፋንጎ ብቻ ጭረት ሳይነካው ፀሐይ ላይ ያበራል።

የትራፊክ ፖሊሷ ሳጅን ነጂባ ደረሰች። «የተጎዳው ማን ነው?»

«ቦራ ናት» አለ መሕሙድ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

ሳጅኗ ደብተሯን ገለጥ አደረገች። «ወይዘሮ ቦራ አሁን የት ናቸው? ሆስፒታል ተወስደዋል?»

ሰዉ ሳቀ፤ መሕሙድ አልሳቀም። ነገሩ ሲገለጥላት ነጂባ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን ወደ መኪናው መለሰች፤ ትከሻዋ ግን ይነቀነቅ ነበር። ከዚያ ጠበቅ ብላ ፈረደች። ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፤ ሳይክሏን እንደነበረች አድርጎ ይመልስ፤ ካልተስማሙ ጣቢያ ይምጡ።

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት!» አለ ደምለው የመሕሙድን እጅ በሁለት እጁ ይዞ። «መኪናው የኔ አይደለም። ባለቤቱ ሐጂ ሚስባህ ናቸው፤ ደሴ ሸዋ በር ነው ቤታቸው። ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። እርስዎ አይልፉ፤ ሳይክሏን ሙሽራ አስመስዬ ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ።»

መሕሙድ ሙሽራ የሚለውን ቃል ሰምቶ ተጽናና። ፉሉንም ተመልሶ ጨረሰ፤ ፉል መድፋት ነውር ነው።

ቀናት አለፉ። ደምለው አልመጣም፤ ስልኩም አይነሣም። መሕሙድ በእግሩ ፋብሪካ እየሄደ፣ በእግሩ እየተመለሰ ከረመ። የቆየ የወገብ ሕመሙ ተቀሰቀሰበት፤ አንድ እግሩንም ማነከስ ጀመረ። ራቢያ ለጥቂት ቀን ታግሣ ነበር፤ እንዳነከሰ ስታይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ነገና ከነገ ወዲያ ዕረፍት ነህ። ሳይክሏን ተሸክመህ ደሴ ውጣ፤ ሐጂው በዓይናቸው አይተው ይፍረዱ። ካሣህን ሳትይዝ እንዳትመለስ። ሰማኸኝ?»

ይህንን ሙሉውን ሰማ።

ጠዋት ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ቦራን ሲያስጭን ረዳቱ ዙሪያዋን ቃኝቶ፣ «አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? የመስኮት ፍርግርግ ነው?» አለ።

«ሳይክል ናት።»

«ነበረች ይበሉ እንጂ።»

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ አቀበት እያቃሰተ ወጣ። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ደሴ ሲደርስ ካፖርት ይናፍቃል። መሕሙድም ከመናኸሪያው ወርዶ፣ ጉም ውስጥ፣ ሳይክሏን በትከሻው ተሸክሞ፣ እያነከሰና ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሸዋ በር ደረሰ። ሰው ጠይቆ የሐጂን በር አገኘና አንኳኳ።

ሐጂ ሚስባህ ራሳቸው ከፈቱ። ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ዓይናቸው እንባ የሚቀርበው፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ። መሕሙድ እባላለሁ፤ ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁት። የርስዎ አይሱዙ ያን ጊዜ…»

አላስጨረሱትም። «መሕሙድ? አንተ ነህ መሕሙድ? ያ አላህ! በእግርህ መጣህ?»

«ከመናኸሪያው አዎ፣ በእግሬ ነው።»

«ሐዋ! ሐዋ ቶሎ ነይ! ጉድ እይ፣ ተነሥቶ መጣ! በእግሩ!»

ሚስታቸው ሐዋ እየሮጡ መጡ፤ መሕሙድን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ደሴዎች እንግዳ ወዳድ ናቸው ሲባል ሰምቶ ነበር፤ እንዲህ ናቸው ብሎ ግን አልገመተም። ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቡት። ተቀመጥ ሳይሆን ጋደም በል አሉት። ፍራሽ ተነጠፈለት፤ ትራስ በወገቡ ገባ፤ ጋቢ እስከ አገጩ ተሳበለት። ብርድ ስለነበር አልተቃወመም። ቀጥሎ የበግ መረቅ በትልቅ ሳህን መጣ።

ሐጂ በሩ አጠገብ የተደገፈችውን ቦራ አዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በዚች ላይ ነበርክ?»

«ሁልጊዜም በሷ ላይ ነኝ ሐጂ።»

«ሱብሐነላህ! ከዚች ላይ ሰው በሕይወት ይነሣል? ወገብህስ እንዴት ነው?»

መሕሙድ ሰውየው የወገቡን ነገር ማወቃቸው ገረመው፤ ሲያነክስ አይተው ይሆናል። «ወገቤማ ያው ነው። እሱ እንግዲህ እስከ መቃብር አይለቅም።»

«እንዲያ አሉህ? አይለቅም አሉህ?»

«ዶክተሩ እረፍ ነው የሚለው። ፋብሪካ ደግሞ መች ያሳርፋል? ትናንትም ሥራ ገብቼ ነው የዋልኩት።»

ሐጂ በኩታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በዚህ ሰውነትህ! ለመሆኑ ልጁስ? ከአጠገብህ አይለይም ወይ?»

መሕሙድ ስለ ልጁ ስለ አሚር የጠየቁት መሰለው። «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ልጅ ነው። እንቅልፍ ያበዛል እንጂ።»

«ይተኛ፣ ደክሞት ነው!» አሉ ሐጂ።

መረቁ ሲጋመስ የራቢያ ድምፅ በጆሮው አቃጨለበት። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሐጂ፣ እንግዲህ አመጣጤ ስለ ካሣው…» ማለት ጀመረ።

«አብሽር!» አሉ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው። «ዋናውን ካሣ የሚክስህ አላህ ነው፤ እኔም አለሁ። መጀመሪያ ዳን!» ዱዓ ጀመሩ። ዱዓው ረዥም ነበር፤ የመሕሙድን ወገብ፣ እግር፣ ሳንባና አንጎል አንድ በአንድ እየጠሩ ለአላህ አደራ ሰጡ። በዱዓ መሃል ሰው ስለ ሳይክል አያወራም። መሕሙድ «አሚን» ሲል ዋለ።

በዚያ መሃል ከውጭ «ቁራሌው! ያለህ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሐጂ ብድግ አሉ። «ይቺን ሞትህን ያሳየችህን ብረት ይዘህ ልትዞር ነው? ከዓይንህ መራቅ አለባት!» መሕሙድ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዟል፤ በላዩ ላይ ጋቢ አለ። «እንዴ ሐጂ፣ እሷ እኮ…» እስኪል ድረስ ቦራ በቁራሌው ጋሪ ላይ ተጋድማ፣ ነጩ ግንባሯ በመስኮቱ አልፎ ሄደ።

ሊሰናበት ሲነሣ ሐጂ ከጓሮ አንድ ሙክት በግ አስመጥተው ገመዱን አስጨበጡት። «አርደህ መረቁን ጠጣ፤ አጥንት ይጠግናል።» መሕሙድ ሦስቴ እምቢ ለማለት አስቦ ሦስቴም «አላህ ይስጥልኝ» አለ።

እንዳጋጣሚ የጠዋቱን ሚኒባስ አገኘ። ረዳቱ በጉን አየ፤ መሕሙድን አየ። «አባቴ፣ ጠዋት ብረት አልነበር እንዴ የጫንነው?»

«አዎ።»

«ደሴዎች ይሄንን መሥራት ጀመሩ?»

ራቢያ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «ሳይክሏስ?»

መሕሙድ ገመዱን ዝቅ አድርጎ አሳያት። በጉ «ባ» አለ።

ሁሉንም አስነገረችው፤ አንዳንዱን ሁለቴ። ስትሰማው የተናደደችው ስለ ሳይክሏ ብቻ አልነበረም። ሐሳቧ እዚያ ጋቢው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ለጤነኛ ሰው ማን ፍራሽ ያነጥፋል? ሳንባህን ለምን በዱዓ አነሡት? ሳንባህን ምን ሆንክ ብለው?»

«ደግ ሰው ስለሆኑ ነዋ።»

«ደግ ሰው ስለ ሳንባ አይጠይቅም። ነገ አብረን እንወጣለን። በጉም ይወጣል።»

በማግስቱ ሦስቱም ወጡ። ሐጂ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት በጉን ነበር። «ምነው መለሳችሁት? አልተስማማውም?»

«ሐጂ» አለች ራቢያ ሰላምታውን እንደጨረሰች፣ «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ እንደ አባቴ ነዎት፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባሌን ምን አመመው?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? መኪናዬ ገጭታው አይደለም ወይ?»

«መኪናዎ የገጨችው ሳይክሏን ነው። እሱ ያን ጊዜ ፉል ቤት ቁጭ ብሎ ፉል ይበላ ነበር።»

ሐጂ ወደ መሕሙድ ዞሩ። «ፉል?»

«በእንቁላል ነበር ሐጂ» አለ መሕሙድ፣ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ብሎ።

ሐጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የሰሙትንም አወጡት። ደምለው በአደጋው ቀን ደውሎ፣ አንድ መሕሙድ የሚባል ምስኪን ሰው ከነሳይክሉ ገጭቼ ሞትና ሽረት ላይ ነው፣ ዘመድም የለው፣ እኔ ካላስታመምኩት ወላሂ ሕሊናዬ አይፈቅድም ብሏቸዋል። መኪናውንም ትራፊክ ይዞታል ብሏል። ሐጂ በልጁ ደግነት ኮርተው፣ እስኪድን ድረስ ከአጠገቡ አትለይ ብለው ፈቃድ ሰጥተውታል። ትናንት ልጁስ ከአጠገብህ አይለይም ወይ ያሉትም ስለሱ ነበር። መሕሙድ በእግሩ ሲመጣ እንደ ተአምር ያዩትም ለዚህ ነው።

«ስልክ» አሉ ሐጂ። ሐዋ አቀበሏቸው። የመሕሙድን ስልክ የማያነሣው ደምለው የሐጂን ወዲያው አነሣ። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ።

«ልጄ ደምለው፣ የት ነህ?»

«ሆስፒታል ነኝ ሐጂ። ታማሚው አጠገብ።» ከበስተጀርባው ከበሮ ይመታል፤ እልልታው ይቀልጣል።

«እልልታው ምንድን ነው?»

«አንዲት ሴት ወልዳ ነው ሐጂ።»

«ከበሮውስ?»

«መንታ ነው የወለደችው።»

ሐዋ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ሐጂ ግን ፊታቸው አልተለወጠም። «ታማሚው እንዴት ዋለ? ላናግረው እችላለሁ?»

«ኧረ አይችልም ሐጂ! ዛሬ ደከም ብሎታል። ኦክስጅን ላይ ነው።»

ሐጂ ስልኩን ለመሕሙድ አቀበሉት። መሕሙድ ምን እንደሚባል አላወቀም፤ ስለዚህ የሚያውቀውን አለ። «ደምለው፣ ሰላም ነህ? ቤተሰብ ደህና ናቸው? አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ደህና ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ የተሰማው ከበሮው ብቻ ነበር።

ደምለው ከሰዓት በኋላ መጣ። ትራፊክ ይዞታል የተባለው አይሱዙ ከነፊኛውና ከነሪባኑ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ሐርቡ ከተማ የእኅቱን ሠርገኞች ሲያመላልስ ነበር የሰነበተው። ደምለውም በሱፍ ልብሱ፣ ደረቱ ላይ አበባ እንደ ተሰካ ወረደና እግራቸው ላይ ወደቀ። እኅቱ አንድ ናት፤ አባት የላቸውም፤ ያለሱ የሚድራት የለም። ፈቃድ ቢጠይቅ በጭነት ወቅት የሚሰጠው አልመሰለውም።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ መኪናውን እኔው አስጌጥልህ ነበር» አሉት ሐጂ። ያ ከስድብ ይልቅ አቃጠለው። «አሁን ተነሥ። ታማሚህ ይኸውልህ፤ ኦክስጅኑን ነቅሎ መጥቷል። ሳይክሉን ፈልገህ ታሠራለታለህ። ያ እስኪሆን ድረስ ሥራ ታደርሰዋለህ፣ ትመልሰዋለህ። አስታምማለሁ ብለህ የለ? አስታም።»

ቁራሌው ተፈልጎ ተገኘ። ቦራን ሰኞ ገበያ ላለ አሮጌ ብረት ሰብሳቢ ሸጧታል፤ የሰብሳቢው መኪና ደግሞ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ፣ ብረት ወደሚቀልጥበት ወርዷል። መሕሙድ «የሚቀልጥበት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። መሕሙድ፣ ራቢያና ደምለው ጋቢና ውስጥ፣ በጉ ከኋላ ሆነው ሐረጎን ቁልቁል ወረዱ። ፊኛዎቹን የሚፈታ ጊዜ አልነበረም። በየመንደሩ ሰው ቆሞ አጨበጨበላቸው፤ መሕሙድም ዝም ማለት ነውር ስለመሰለው በመስኮት እጁን ያወዛውዝ ነበር።

የብረቱ ግቢ ተራራ ነው። የአልጋ ሽቦ፣ የበርሜል ክዳን፣ የመኪና በር፣ የማይታወቅ ነገር። ደምለው ከነሱፉ ወጣበት። መሕሙድ ሊያግዘው ሲነሣ ራቢያ፣ «ቁጭ በል! ታማሚ ነህ!» ብላ ጮኸችበት። ቁጭ አለ። ሌላ ሰው ለሱ ሲል ሲለፋ ቁጭ ብሎ ማየት በሕይወቱ ገጥሞት አያውቅም። መጀመሪያ አፈረ፤ ሁለቴ በርታ አለው። ቀስ በቀስ ግን እግሩን ዘረጋ፤ ኋላማ «ወደ ግራ ልጄ፣ እዚያ በርሜሉ ሥር» እያለ ማዘዝ ጀመረ። ራቢያ ይህንን ሰምታ በጎን አየችው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነጭ ነገር ብልጭ አለ። ደምለው እጅጌው ተቀድዶ፣ አበባው ረግፎ ቦራን ከነአጥንቷ አወጣት። ጎማዎቿ የሉም፤ ኮርቻዋም ተሰርቋል። መሕሙድ ፓራፋንጎዋን በእጁ ጠረገና፣ «አይዞሽ» አላት። ይህንን የሰማው ደምለው ነው፤ ያኔ ነው ከልቡ ይቅርታ የጠየቀው።

ጥገናው ቀላል አልሆነም። አጥንቷን የሚያቀና ብየዳ ቤት አንድ ቦታ፣ ልኳ የሆነ ጎማ ሌላ ቦታ። በጉን ሐጂ አልቀበልም አሉ፤ ስጦታ አይመለስም፣ ባይታመምም ይብላ አሉ። ጁምዓ ዕለት ታረደ፤ ሐጂና ሐዋም ከደሴ ወርደው በሉ። ለደምለው፣ ክርስቲያን ስለሆነ፣ ራቢያ ለብቻው ሽሮ ሠራችለት፤ ሳትሰድበው አላቀረበችለትም እንጂ።

አይሱዙው በየጠዋቱ በር ላይ መጥቶ ጥሩምባ መንፋቱን ቀጠለ። መሕሙድ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ ፋብሪካ በር ላይ ሲወርድ ዘበኞቹ መጀመሪያ ቀን አዲስ ሥራ አስኪያጅ መስሏቸው ተነሥተው ቆሙ። ሁለተኛው ቀን የጎረቤት የፋብሪካ ሠራተኞች «መንገዳችን አንድ ነው» ብለው ከኋላ ወጡ። መሕሙድ እምቢ አይልም፤ ደምለውም ቅጣት ላይ ያለ ሰው ስለሆነ አፍ የለውም። ሳምንት ሳይሞላ ሠፈሩ በሙሉ በአይሱዙ ሥራ የሚገባ ሆነ፤ የዘገየውን ሰው ደምለው ራሱ በስሙ እየጠራ ይጠብቅ ጀመር።

በመጨረሻ ቦራ መጣች። አዲስ ጎማ፣ አዲስ ኮርቻ፤ አጥንቷ ግን ሙሉ በሙሉ ስላልቀና ትንሽ ወደ ግራ ትጎትታለች። መሕሙድ ወጣባት፤ አንዴ ሠፈሩን ዞረ፤ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ደምለው ከሐጂ ቅጣት ተፈታ፤ ሲሰናበትም ጥሩምባውን ረዘም አድርጎ ነፋ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቶቹ እንደ ልማዳቸው ምሳ ዕቃቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። መሕሙድ ሳይክሉን እየገፋ ወጣ። ፈትል ክፍል አብራው የምትሠራው አባይነሽ ቦራን ከላይ እስከ ታች አየቻትና በረዥሙ ተነፈሰች።

«ጋሼ መሕሙድ» አለችው፣ «ቅር አይበልዎና፣ ነገ ደግሞ ፉል ቤት ሲገቡ አስፋልቱ ዳር ቢያቆሟትስ?»